«የለብህም» ስንል ምን ማለታችን ነው?
(ስለ «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» አጭር ትምህርት)

በእንግሊዝኛ ግዴታን ከሚገልጹ ግሦች ዋናው «ማስት» ነው። ሁላችንም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ «አለብኝ፣ አለብህ፣ አለባት» እያልን ተምረነዋል። አዎንታው ብዙ አያስቸግርም፤ ጣጣው ያለው አሉታው ላይ ነው። ይህንንም የተረዳነው ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ማስተማር ስንለማመድ ከአንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ 6 ጥያቄዎች ያሉት የእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጀ። 5ኛውና 6ኛው ከበድ ስለሚሉ የሠራ ተጨማሪ ነጥብ እንዲያገኝ፣ ያልሠራ ግን ምንም እንዳይጎድልበት አሰበ። ሰሌዳው ላይ የጻፈው ግን «ዩ ማስት ኖት አንሰር ኩዌስችንስ ፋይቭ ኤንድ ሲክስ» የሚል ነበር። በልቡ «የመመለስ ግዴታ የለባችሁም» ማለቱ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎችም እንደ እሱ በአማርኛ አስበው ሞከሩት፤ ነጥብም አገኙ። የክፍሉ ጎበዝ የምትባለው ልጅ ግን ሁለቱን ባዶ ትታ ወረቀቷን አስረከበች። ለምን እንደተወችው ሲጠይቃት፣ «ቲቸር፣ አትመልሱ ብለው ጽፈው የለ እንዴ?» አለችው። እውነቷን ነው። እንግሊዝኛውን በትክክል ያነበበችው ልጅ የተጎዳችው ልጅ ሆነች።

ማታ ተሰብስበን ስንወያይበት የስሕተቱን ምንጭ በገዛ ቋንቋችን ውስጥ አገኘነው። «አለብህ» በቁሙ ሲታይ «በላይህ ላይ አለ» እንደ ማለት ነው፤ ሸክም ወይም ዕዳ። «ዕዳ የለብህም» ሲባል ሸክሙ ወርዷል፤ ደስ ያሰኛል። «መዋሸት የለብህም» ሲባል ግን ክልከላ ነው። «ነገ መምጣት የለብህም» ደግሞ እንደ አነጋገሩ «እንዳትመጣ» ወይም «ባትመጣም ይሆናል» ሊሆን ይችላል። አማርኛ በአንድ ቃል የሚሸከመውን ይህን ነገር እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል፦

1ኛ. «ዩ ማስት ኖት ካም» ፦ እንዳትመጣ፤ ክልክል ነው።
2ኛ. «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም» ፦ መምጣት ግዴታህ አይደለም፤ ከፈለግህ ግን ና። «ዩ ኒድ ኖት ካም» የሚለውም ለዚሁ ያገለግላል።

እንግዲህ «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ በአሉታ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። በዚህ የሚቸገረው የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። የ«ማስት» ዘመድ የሆነው የጀርመንኛ ግሥ «ሙስን» በአሉታ ሲነገር «አትገደድም» ማለት ነውና፣ ጀርመኖችም እንግሊዝኛ ሲማሩ እዚሁ ላይ ይሰናከላሉ።

ሌሎችም መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች አሉ፦

ሀ) «ማስት» ያለፈ ጊዜን ግዴታ ለመግለጽ የራሱ ቅርጽ የለውም። «ትናንት መሄድ ነበረብኝ፤ ሄድኩም» ለማለት «አይ ሃድ ቱ ጎ» እንላለን። ምክንያቱም ቃሉ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ራሱ የሌላ ግሥ ያለፈ ጊዜ ነበር።

ለ) ከ«ማስት» በኋላ «ቱ» አይገባም። «ሂ» እና «ሺ» ሲቀድሙትም «ኤስ» አይጨመርበትም።

ሐ) «ሺ ማስት ቢ ሲክ» ስንል ግዴታ ሳይሆን ግምት ነው፤ «ታማ መሆን አለባት» እንደምንለው። የዚህ አሉታ ግን «ሺ ካንት ቢ ሲክ» ነው።

መ) «ማስት ኖት» ሲያጥር «ማስንት» ተብሎ ይነበባል፤ የመጀመሪያው «ቲ» አይሰማም።

ታዲያ ለተማሪ እንዴት እናስረዳ? እኛ የተስማማንበት ዘዴ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ከመጻፋችን በፊት «ተማሪው ቢያደርገው ጥፋት ነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ጥፋት ከሆነ «ማስት ኖት»፣ ካልሆነ «ዶንት ሃቭ ቱ» ይጻፋል። በአማርኛ ስናብራራም «የለባችሁም» ብለን ከማለፍ ይልቅ «ክልክል ነው» ወይም «አትገደዱም» ብለን ለይተን እንናገር።

ልጅቷ በማግሥቱ ሁለቱ ጥያቄዎች ተሰጥተዋት ሠራች፤ ነጥቧንም አገኘች። መምህሩም በክፍሉ ፊት «ስሕተቱ የእኔ ነው» አለ። ይህን ለማለት ማንም አላስገደደውም። ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን ቃል በቃል የምታምን ተማሪ ግን በየክፍሉ አለችና፣ ጠመኔውን ከማንሳታችን በፊት ቃላችንን መመርመር አለብን። ይህኛው «አለብን» ግዴታ ነው።