ልጁ «ለምን?» ሲል ማን ይመልስለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከተማችን መንቆረር መባሏ ቀርቶ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። የዚህን ወንጌላዊ እናት ቤት አስባችሁ ታውቃላችሁን? በሐዋርያት ሥራ 12፥12 እንደ ተጻፈው፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ከወኅኒ በወጣ ሌሊት የሄደው ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት ነበር። ምእመናን በዚያ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበርና። ሃይማኖት ከቤት ይጀምራል የምንለው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቤት ብቻውን አይበቃም። በአገራችን እናት ጾም ሳታጎድል፣ አቡነ ዘበሰማያትን በቃሏ እየደገመች ልጇን ታሳድጋለች። ልጁ ግን ትምህርት ቤት ገብቶ መጠየቅን ይለምዳል። «እማዬ፣ ረቡዕና ዓርብ ለምን እንጾማለን?» ይላታል። «ያባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ዝም ብለህ ጹም» ትለዋለች። ይህን የምትለው እምነት አንሷት አይደለም። ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብም የተሰቀለበት ቀን መሆኑን የነገራት ስለሌለ ነው። ልጁም ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተመለሰ በኋላ መጠየቁን ይተዋል።

የሚያስፈራው ይህ ዝምታ ነው። የሚጠይቅ ልጅ ገና ከእኛ ጋር ነው። መጠየቁን የተወው ግን ከቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ ሲገባና ሌላው ሲጠይቀው የሚመልሰው ያጣል። ጾሙንም ጸሎቱንም ባንድ ሴሚስተር የተዉ የገጠር ልጆች በግቢያችን አይቻለሁ።

እግዚአብሔር ለእስራኤል ፋሲካን በሠራላቸው ጊዜ ልጆቻቸው የሥርዓቱን ትርጉም እንደሚጠይቁ አስቀድሞ አስቦ፣ ለወላጆች መልሱን አብሮ ሰጥቷቸዋል (ዘጸ. 12፥26-27)። የቤተ ክርስቲያንም ድርሻ ይኸው ነው። ወላጁን ተክታ ልጁን ልታሳድግ ሳይሆን፣ ለወላጁ መልሱን ልታስይዘው ይገባል። እንዴት ቢባል፦

ሀ. በዓሉ ሳይደርስ ማስተማር። ቡሄን እንውሰድ። ነሐሴ 13 ልጆቻችን ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ችቦ ያበራሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ። ችቦው በደብረ ታቦር የታየውን ብርሃን፣ የጅራፉ ድምፅ ከደመናው የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል። ሙልሙሉም በብርሃኑ ምክንያት በሜዳ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ያደረሱላቸው ዳቦ መታሰቢያ ነው ይባላል። ትምህርቱ በልጁ እጅ ላይ አለ፤ የጎደለው ነጋሪ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ስለሚጾም፣ እናቶች ልጆቻቸውን ለማቍረብ በዚያው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን አይጠፉም። ከቅዳሴ በኋላ ይህን ትርጉም በአጭር ቃል ብንነግራቸው፣ ማንበብ የማትችለውም እናት ለልጇ ታደርሰዋለች።

ለ. የክርስትና አባትንና እናትን ማስታወስ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ፣ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን የሚክደውና ሃይማኖቱን የሚመሰክረው የክርስትና አባት ወይም እናት ነው። ዛሬ ግን ዝምድናው ብዙ ጊዜ በድግሱ ቀን ይቀራል። ካህኑ ከጥምቀቱ በፊት ኃላፊነቱን ቢያስረዳ፣ በየዓመቱም ልጁን እንዲጎበኝ ቢያሳስበው፣ ወላጅ ብቻውን አይደክምም።

ሐ. የንስሐ አባት ለልጆችም ጊዜ መስጠት። የንስሐ አባት ቤቱን ጸበል ለመርጨት ሲመጡ ልጆች መስቀል ተሳልመው ወደ ውጭ ይባረራሉ። ጥቂት ቢያስቀምጧቸውና «ልጆቼ፣ ምን ትጠይቁኛላችሁ?» ቢሏቸው፣ አባትና እናትም አብረው ይማራሉ።

መ. ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር። ገበሬ ወላጅ ለጉባኤ ተብሎ ቢጠራ ከእርሻው አይመጣም፤ ከማኅበሩ ግን አይቀርም። ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ስለ ልጆች አስተዳደግ የ10 ደቂቃ ቃል ቢነገር፣ አዲስ ስብሰባ ሳንጠራ ብዙ ወላጆችን እናገኛለን።

ቀድሞ የየኔታ ትምህርት ቤት ብዙውን ሸክም ይሸከም ነበር። ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ፣ ዳዊት ይደግም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። ዛሬ ብዙው ልጅ በየኔታ እጅ አያልፍም። እኛ ሰንበት ተማሪዎች እሑድ 2 ሰዓት ብናስተምረው ከሳምንቱ 168 ሰዓት ውስጥ ቀሪው 166 ከእኛ ውጭ ነው። ስለዚህ ሕፃናቱን ስናሰናብት «ዛሬ እናትህን ይህን ጠይቃት» እንበል፤ እናቲቱንም በደጀ ሰላሙ አግኝተን መልሱን አስቀድመን እንንገራት። በልጇ ፊት አታፍርም፤ ልጁም መልሱን ከእናቱ አፍ ይሰማል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በቤታችሁ ከሚደረጉት ሥርዓቶች ትርጉሙን የማታውቁት የትኛው ነው?
2. የክርስትና አባታችሁን ወይም እናታችሁን መጨረሻ ያገኛችሁት መቼ ነው?
3. ለሚመጣው በዓል ለወላጆች የምንነግረው አጭር ቃል ምን ይሁን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።