የአደጋው መዝገብ ለማን ይታያል?

መዝገብ የሆነው ነገር እንዳይረሳ የሚጻፍበት ነው። የዕድር ጸሐፊ ማን ስንት እንደከፈለ ይጽፋል። መዝገቡ በሣጥን ተቆልፎ አባሉ ካላየው ግን የተቀመጠው ገንዘብና የተበላው ገንዘብ በምን ይለያል?

ሰው በሥራ ላይ ሲጎዳ የሚጻፍ መዝገብም አለ። ለዚህ ምሳሌ የምናደርገው አሜሪካን ነው። ብዙ የአገራችን ልጆች እዚያ ተቀጥረው ስለሚሠሩ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በ1970 የሠራተኛን ደኅንነት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ሕጉን የሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኦሻ ይባላል። ከ10 ሰው በላይ የሚያሠራ ድርጅት፣ ሥራው አደጋ የማይበዛበት ካልሆነ በቀር፣ ጉዳቱን በመዝገብ ይጽፋል። ማሽን ጣት ቢቆርጥ ይጻፋል። ሰው ከመሰላል ወድቆ እግሩ ቢሰበር ይጻፋል። የዓመቱ ድምር ደግሞ ከጥር ማለቂያ ጀምሮ ለሦስት ወር በሥራው ቦታ ይለጠፋል።

መጻፉስ ይጻፍ፤ ከግቢው ውጭ ያለው ሰው ያንብበው ወይስ አያንብበው? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

በ2016 ኦሻ አዲስ ደንብ አወጣ። 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የጉዳቱን ዝርዝር በኮምፒዩተር እንዲልኩ፣ ሕዝቡም በኢንተርኔት እንዲያየው ታሰበ። ኢንተርኔት በስልክና በኮምፒዩተር ከሩቅ ያለ ጽሑፍ የሚነበብበት መንገድ ነው። በ2017 ግን መንግሥት ተለወጠ። ኦሻም በሥራ ላይ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር አንባቢ መጀመሪያ ከሚያየው ገጽ ላይ አነሣው። በ2019 ዝርዝሩን የመላክ ግዴታ ተሰረዘ፤ ድምሩን መላክ ብቻ ቀረ። ምክንያቱ የተጎጂው ምሥጢር እንዳይወጣ ነው ተባለ።

ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። የማን እጅ እንደተቆረጠ፣ ማን ምን በሽታ እንዳለበት አገር ሁሉ ሊያውቀው አይገባም። ነገር ግን የሰውየውን ስም መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ የፋብሪካውን ስም መሸፈን ሌላ ነው። ስሙ ተሰርዞ ማሽኑ እጅ መቁረጡን መንገር ይቻላል እኮ!

ድምሩንም ቢሆን የንግድ ምሥጢር ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ። በ2020 በካሊፎርኒያ የሚገኝ ፍርድ ቤት ይህን አልተቀበለውም። ሠራተኛው ሁሉ እንዲያየው የሚለጠፍ ወረቀት ምኑ ምሥጢር ነው?

መታየቱ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው አንድ ጥናት አለ። ማቲው ጆንሰን የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ2020 እንዳሳተመው፣ ኦሻ የአንድ አጥፊ ድርጅት ስም በጋዜጣ እንዲወጣ መግለጫ ሲሰጥ በአካባቢው ያሉት ሌሎች ድርጅቶች ጥፋታቸውን ይቀንሳሉ። ያንኑ ውጤት በቁጥጥር ለማግኘት ተቆጣጣሪ 210 ጊዜ መላክ ያስፈልጋል። ስሙ እንዲነሣ የሚፈልግ ማን አለ?

በ2023 ደንቡ እንደገና ተሻሻለ። ከ2024 ጀምሮ አደጋ በሚበዛባቸው ሥራዎች 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝሩን እንዲልኩ ታዘዘ። የተጎጂው ስምና አድራሻ አይላክም። ትንንሾቹ ድርጅቶች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው።

በትንሹም በትልቁም ድርጅት፣ መዝገብ እስካለ ድረስ፣ ሠራተኛው ራሱ ልየው ብሎ መጠየቅ ይችላል። አሠሪውም እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን መጨረሻ ቅጂውን መስጠት አለበት። እዚያ የሚሠራ ልጅ ያላችሁ፣ ደብዳቤ ስትጽፉለት ወይም ስልክ ሲደውል ጠይቁት፦ ወረቀቱ ተለጥፏል ወይ? አንብበኸዋል ወይ?