የፈታይዋ ዋጋ

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነሥተን ለበዓል ነጠላ ልንገዛ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ፣ የምንከራከረው ከነጋዴው ጋር ነው፤ ቢበዛ ሸማኔውን እናስባለን። ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ቢሆንም፣ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ግን ከሸማኔው በፊት የደከመች ሴት አለች። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት ያደረገችው እርሷ ናት። ሥራው በምጣድና በልጅ መካከል ስለሚከናወን ሰዓቱን የሚቆጥርላት የለም። ተከራክረን ያስቀነስነው ብር ከማን እጅ ይጎድል ይሆን?

ፍትሐዊ ንግድ ይህን ሰዓት በዋጋው ውስጥ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሳባሃር ሴቶች በእጅ የፈተሉትን ጥጥና ሐር በሸማኔዎች አሠርቶ ወደ ውጭ አገር ይልካል። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት መርሕም የእጅ ሥራ ያዘዘ ገዢ፣ ከተጠየቀ፣ ቢያንስ የዋጋውን ግማሽ ያለ ወለድ አስቀድሞ እንዲከፍል ይጠይቃል። እኛ ቀብድ የምንለው ነው፤ ጥጥ መግዣ ለሌላት ሴት ትርጉሙ ብዙ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 በጻፉት ሬሩም ኖቫሩም መልእክት ተገቢ ደመወዝን የፍትሕ ግዴታ እንጂ ምጽዋት አላደረጉትም። እንግዲህ የቁምስናችን ማኅበራት ለፋሲካ ነጠላ ሲያዝዙ፣ ከሸማኔው አልፈው ፈታይዋንም ይጠይቁ፤ ቀብዱም ለእርሷ ይድረስ።