ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ፦ ጥንካሬው በምን ይታወቃል?

አንድ ምእመን የዳሌው ወይም የጉልበቱ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ እንዲተካ ሐኪም ሲያዝለት፣ የሰበካ ጉባኤው ለርዳታ፣ ካህኑ ደግሞ ለምክር ይጠየቃሉ። በዚህ ጊዜ «አዲስ የወጣው ይሻላል» የሚል ቃል መሰማቱ አይቀርም። የዚህ ትምህርት ዓላማ የመገጣጠሚያው መልካምነት በአዲስነቱ ሳይሆን ለረጅም ዘመን በተያዘ መዝገብ እንደሚመዘን ማስረዳት ነው።

1. ከስሕተት የተገኘ ትምህርት

በዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ስፍራ ይዞራል። በመካከል ያለው ልስልስ ሽፋን በዕድሜ፣ በስብራት ወይም በበሽታ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ ሕመሙም እንቅልፍ ይነሣል።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ (1911–1982) በራይቲንግተን ሆስፒታል ይህን ለመፈወስ ሦስት ነገሮችን አስተባበረ፦ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ትንሽ የብረት ኳስ፣ የፕላስቲክ ማቀፊያ እና ሁለቱን ከአጥንት ጋር የሚያጸና ሲሚንቶ። ኳሱን ትንሽ ያደረገው በሚዞርበት ጊዜ ማቀፊያውን ከአጥንቱ እንዳያነቃንቀው ነበር።

በመጀመሪያ ለማቀፊያው የመረጠው ቴፍሎን ነበር። ሕሙማኑ ከሥቃይ ዐርፈው ተራመዱ። ይሁን እንጂ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቴፍሎኑ ተበላ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን አካል ጎዳ። ቻርንሊ ስሕተቱን አልሸሸገም። የቴፍሎንንና የፖሊኢትሊንን ብናኝ በገዛ ጭኑ አስገብቶ የአካሉን ምላሽ አነጻጸረ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ወደ ፖሊኢትሊን ተሻገረ። ይህ የፕላስቲክ ዓይነት፣ እየተሻሻለ፣ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

2. የጉልበት ጠባይ

ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ የሚሠራ ይመስላል። ነገር ግን በሚታጠፍበት ጊዜ አጥንቱ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል፣ ጥቂትም ይዞራል። በማጠፊያ አምሳል የተሠሩት የቀድሞ ተከላዎች ይህን እንቅስቃሴ ስለሚከለክሉ ኃይሉ ወደ አጥንቱ እየተላለፈ ይላቀቁ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን የአጥንቶቹን ጫፎች ለየብቻ በብረትና በፕላስቲክ የሚያለብሱ፣ ጅማቶችንም በሥራቸው የሚያቆዩ ንድፎች ተስፋፉ።

3. መዝገብ የገለጠው

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1975 የጉልበት፣ በ1979 የዳሌ ቅያሪ ብሔራዊ መዝገብ ጀመረች። ለማን፣ የትኛው ዓይነት፣ መቼ እንደተተከለና ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት እንደሆነ ይጻፋል። ሌሎች አገሮችም ተከተሉ።

የመዝገብ ጥቅም በተለይ የታየው ትልቅ የብረት ራስ በብረት ማቀፊያ ውስጥ የሚዞርበት ንድፍ በተስፋፋ ጊዜ ነው። አይበላም፣ ለወጣቶችም ይስማማል ተብሎ ነበር። ሆኖም የአውስትራሊያ እንዲሁም የእንግሊዝና የዌልስ መዝገቦች ከዚህ ወገን የሆኑ አንዳንድ ዓይነቶች ከሚጠበቀው በላይ ዳግም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስከትሉ ገለጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አንደኛው ከገበያ ተሰበሰበ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው።

በአንጻሩ መዝገቡ ተስፋንም ይሰጣል። በአውስትራሊያና በፊንላንድ መዝገቦች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ100 የዳሌ ቅያሪዎች 58 ያህሉ፣ ከ100 ሙሉ የጉልበት ቅያሪዎች ደግሞ 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። በወጣትነቱ የተተከለለት ሰው ግን በዕድሜው ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

4. ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት

ሀ. ገንዘብ ከመሰብሰብ አስቀድሞ የሚተከለው ዓይነት ስንት ዓመት የተመሰከረለት እንደሆነ፣ ሐኪሙም ይህን ሕክምና አዘውትሮ የሚሠራ መሆኑን መጠየቅ።

ለ. ርዳታውን ሲተምኑ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገውን የአካል ማሠልጠኛ ሕክምናና የክትትል ወጪ አለመዘንጋት።

ሐ. የተተከለው ዕቃ ስም፣ መጠንና ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ሕመምተኛው እንዲያኖር፣ ግልባጩንም ቤተሰቡ እንዲይዝ ማሳሰብ። ከዓመታት በኋላ ችግር ቢፈጠር አካሚው የሚነሣው ከዚህ ነው።

መ. ትኩሳት፣ የቁስል መቅላት ወይም ፈሳሽ፣ የባት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ማድረስ።

ሠ. ዳሌው የተተካለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት በጥልቅ ቢያጎነብስ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል፤ ጉልበቱ የተተካለትም መንበርከክ ሊከብደው ይችላል። ስለዚህ ካህናት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ስግደትን እንዲያቆይና ተቀምጦ እንዲጸልይ ይምከሩት። ደም እንዳይረጋ የታዘዘለትን መድኃኒትም በጾም ምክንያት ሰዓቱን እንዳያሳልፍ ያስረዱት።

የመወያያ ጥያቄዎች

• ለሕክምና የረዳናቸው ምእመናን ከአንድ ዓመት በኋላ እንዴት እንዳሉ የምናውቅበት መዝገብ በአጥቢያችን አለን?

• ከቀዶ ሕክምና የተመለሱ አረጋውያን በቅዳሴ ጊዜ የሚያርፉበት ከፍ ያለ መቀመጫ አዘጋጅተናል?