የዕቁቡን ብር ወርቅ ልግዛበት?

ጥያቄ፦ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ዕቁብ ደርሶኛል። ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከሚረክስ ወርቅ ብገዛበት ይሻላል?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ወርቅ በዓለም ገበያ በዶላር ስለሚተመን ብር ሲወድቅ እሱ ይወጣል።

ግን ሐብል ሲገዙ የእጅ ዋጋም ይከፍላሉ። ሲሸጡት ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ ጥሎ የሚከፍልዎ ለግራሙ ነው፤ ፈርጥ ካለው እሱንም ቀንሶ። ስለዚህ በጥቂት ወራት የሚሸጡት ከሆነ ባይጀምሩት ይሻላል። ባለ 21 ካራቱ 87.5 በመቶ ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ባለ 18ቱ 75 በመቶ ብቻ። ማኅተሙን ይዩ፤ ደረሰኝ ሳይዙም አይውጡ።

ወርቅ አይወድቅም የሚሉትን አይስሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከ800 ዶላር በላይ የወጣው አንድ አውንስ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከ300 በታች ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ደግሞ ወለድ የለውም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የሱቁን መደርደሪያ እሞላለሁ፤ ዕቃም ከዶላሩ ጋር ይወጣል፣ በዚያ ላይ ያተርፋል። ለክፉ ቀን የሚሆን ባንክ ይቀመጥ። ለዓመታት የማይነካ ከተረፈ ብቻ፣ ፈርጥ የሌለው ቀላል አምባር።