ለተገፋችው እኅት የተከፈተ በር



ርኅራኄ የሚለውን ቃል ሁላችንም በየሳምንቱ እንሰማዋለን፤ እንናገረዋለንም። ርኅራኄ በሥራ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ዛሬ የአንድ ሆስፒታል ታሪክ እንማራለን። እርሱም የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ነው።

በመጀመሪያ ፌስቱላ ምን እንደሆነ እንወቅ። አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ለቀናት ሳትገላገል ስትቆይ የሕፃኑ ራስ ፊኛዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ከዚያ በኋላ ሽንቷን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይነ ምድሯን መቆጣጠር ይሳናታል። ብዙውን ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም። ስለዚህ ኀዘኗ ድርብ ነው፤ ልጇን ታጣለች፤ ከጠረኑ የተነሣም ከትዳር፣ ከጎረቤትና ከማኅበር ትርቃለች። አፍራ ቤተ ክርስቲያን መምጣትም ትተው ይሆናል።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ከኒውዚላንድ፣ ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ከአውስትራልያ እምነታቸውን ይዘው የመጡ የማኅፀን ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ለ3 ዓመት ተዋውለው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያም ከየገጠሩ የሚመጡትን የፌስቱላ ሕሙማን አዩ። በሽታው ለእነርሱም አዲስ ነበርና የቀደሙ ሐኪሞችን ጽሑፍ እያጠኑ ቀዶ ሕክምናውን ጀመሩ። በ1974 ለእነዚህ እናቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል መሠረቱ፤ ሕክምናውም በነፃ ሆነ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዐረፉ። ዶክተር ካትሪን ግን በ2020 በ96 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ከሕሙማኑ አልተለዩም። ለ3 ዓመት የመጡት ሐኪም ከ60 ዓመት በላይ አገለገሉ! በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹም ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ከእኛ ከአዴት ብዙም ሳይርቅ በባሕር ዳር በ2005 የተከፈተው ማዕከል አንዱ ቅርንጫፍ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን ሌላ ነገር አለ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በወጣትነታቸው ወደ ሐምሊን ባልና ሚስት የመጡት ታመው ነበር። ከታከሙ በኋላ አልጋ በማንጠፍና ሕሙማንን በመርዳት ጀመሩ። ቀጥሎም በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ሆኑ። ትምህርት ቤት ገብተው ያልተማሩት እኒህ ሴት በመጨረሻ ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉና ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። ሌሎችም ብዙ የዳኑ ሴቶች በሆስፒታሉ አስታማሚ ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ እውነተኛ ርኅራኄ ቁስልን ፈውሶ አያበቃም፤ የተገፋችውን በክብር ቦታ ያስቀምጣታል። ጌታችንም 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት ከፈወሳት በኋላ በስውር አልሸኛትም፤ በሕዝብ ፊት ልጁ ብሎ ጠራት።

ታዲያ የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? ሐኪም እስክንሆን መጠበቅ አያስፈልገንም። ፌስቱላ እርግማን አይደለም፤ በጊዜው እርዳታ ባለማግኘት የሚመጣ ጉዳት ነው። ስለዚህ በሠፈራችን አንዲት እናት ምጥ ሲይዛት ሳይመሽ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እናድርግ። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ ያለን እኛ ወጣቶች ነን። ሰውነቷ ሳይጠና፣ 18 ዓመት ሳይሞላት እኅታችን ስትዳር ድግሱን በልተን ዝም አንበል። በዚህ ሕመም የተደበቀች እናት ብናውቅ አፍንጫችንን ይዘን አንለፋት፤ ቀርበን እንቀመጥ፣ መዳን እንዳለ እንንገራት፣ ባሕር ዳር ድረስም እንሸኛት። ስትመለስም በማኅበሩ መካከል ቦታዋን እንስጣት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፌስቱላ እንዴት ይመጣል? እንዴትስ ይከለከላል?
2. የወይዘሮ ማሚቱ ታሪክ ስለ ርኅራኄ ምን ያስተምረናል?
3. በየሠፈራችን ምጥ ለያዛት እናት ፈጥኖ የሚደርስ የወጣት ቡድን ለማቋቋም ምን ያስፈልገናል?

የሰማነውን በሥራ እንድንፈጽም እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።