ሥራውን ወደድን፤ ሠሪውንስ?



ለመሆኑ እሑድ እሑድ በምንለብሰው የመዘምራን ልብስ ደረት ላይ ያለውን የመስቀል ጥልፍ ማን እንደ ሠራው ከመካከላችን የሚያውቅ አለን? እኔ ስድስት ዓመት ለብሼው አላውቅም ነበር። ወደዚህ ጥያቄ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ጥያቄው እንዴት በልቤ እንዳደረ ልግለጽላችሁ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በስልኬ መዝሙር ለማስጫን መርካቶ፥ ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ከውጭ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ፤ የመኪና ጡሩምባ ይጮኻል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ከሱቁ ድምፅ ማጉያ አንድ ፒያኖ ተሰማኝ። ቃል የለውም፤ ከበሮም የለውም። ደግሞም አንዳንዴ እንደ በገና ይቆዝማል፥ አንዳንዴም በማኅሌት እንደምንሰማው ዜማ እየሳበ ይሄዳል። ሒሳብ ከፍዬ ከጨረስሁ በኋላም ቆሜ ቀረሁ።

«የማን ነው?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት።

«እኔ እንጃ፤ የፈረንጅ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። በኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈው «ትራክ 1» የሚል ብቻ ነበር።

ጠይቄ ጠይቄ ስደርስበት ግን ሠሪዋ ፈረንጅ አልነበሩም። እዚሁ አዲስ አበባ የተወለዱ ኢትዮጵያዊት መነኵሲት ናቸው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ

እማሆይ የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. ሲሆን የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በዚያ ሙዚቃ ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ በ1929 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ በተባለች ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በሙዚቃ ትምህርት የሚገፉበት ዕድል ተከፍቶላቸው ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። ከዚህ ብርቱ ኀዘን በኋላ ወደ ግሼን ማርያም ሄዱ፤ በ21 ዓመታቸውም መነኰሱ። በዚያም 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ከዚያ በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሚያጠኑበት ጊዜ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ላይ ተኝተው ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃቸው ነው። ስለዚህ ገቢው ለችግረኞች እንዲውል ፒያኖ መጫወታቸውን ለመቅዳት ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክፍል ኖሩ። ፒያኗቸውም በዚያችው ክፍል ነበረ።

በሩን ያንኳኳችው

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በተባለ ፈረንሳዊ የሚዘጋጀው «ኢትዮጲክስ» የተባለው ተከታታይ ዲስክ 21ኛ ቁጥሩን በእማሆይ ሥራዎች አወጣ። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ያወቋቸው በዚህ ነው። ብዙዎች ሰሙት፤ ወደዱትም፤ በዚያው አለፉ። ማያ ዱኔትዝ የምትባል እስራኤላዊት የፒያኖ ተጫዋች ግን በዚያ አላበቃችም። ዲስኩን ያገኘችው በሰው አገር፥ በለንደን ነው። ሠሪዋ የት እንዳሉ ብታጣራ ግን በገዛ አገሯ፥ በኢየሩሳሌም ሆነው ተገኙ! «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት ይህ አይደለምን?

ማያ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። ያን ጊዜ እማሆይ ዕድሜያቸው ከ80 በላይ ነበር። አንድ ቀን ሄዳ ፎቶግራፍ ተነሥታ አልቀረችም፤ እየተመላለሰች ወዳጃቸው ሆነች። ከጊዜ በኋላም እማሆይ በፌስታል የታጨቁ አሮጌ ወረቀቶችን አስረከቧት። ወረቀቶቹ በብዙ ዓመታት ውስጥ በእጃቸው የጻፏቸው የሙዚቃ ድርሰቶች ነበሩ። ማያም ከባልደረቦቿ ጋር ወረቀቶቹን ለየች፤ አንብባ ገለበጠች፤ ያልገባትን ወደ እማሆይ እየተመለሰች ጠየቀች። የእማሆይ 90ኛ ዓመት በተቃረበበት በ2005 ዓ.ም. ድርሰቶቹ በመጽሐፍ ታተሙ፤ በነሐሴ ወርም በኢየሩሳሌም ለሕዝብ ቀረቡ።

ልብ በሉ! ማያ የሃይማኖታችንም የቋንቋችንም ሰው አይደለችም። ከእማሆይ ጋር ያገናኛት የሥራው ፍቅር ነው። ፍቅሯን የገለጸችው ግን በውዳሴ ብዛት ሳይሆን በጉልበቷ ነው። ያ ፌስታል ባይፈታ ኖሮ በውስጡ ያለው ምን ይሆን ነበር?

ያልተላከ ደብዳቤ

እኔስ ምን አደረግሁ? ለእማሆይ ደብዳቤ ለመጻፍ አሰብሁ። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ጀመርሁት። «ጽሕፈቴ ያምር ዘንድ በደህና ወረቀት ልገልብጠው» አልሁ፤ ቀጥሎ «ፈተና ይለፍ» አልሁ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. እማሆይ በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ዜናውን ያነበብሁት በስልኬ ነው። ደብተሩን ፈልጌ ባወጣው ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው አራት መስመር ብቻ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ስንፍናዬን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያ ደብዳቤ ባይላክም የልብሳችንን ጥያቄ ያስነሣብኝ እሱ ነው።

ከደጃችን ያለው ባለሙያ

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ልብሱን ማን እንደ ጠለፈው አጠያየቅን። የቀድሞ ኃላፊዎችን ጠይቀን፥ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ተመርተን፥ መጨረሻ ላይ እዚሁ መርካቶ ከአንድ ግቢ ጓሮ አንድ አረጋዊ ባለ እግር መኪና አገኘን። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ አባባ ብቻ እላቸዋለሁ።

«ምን ልትገዙ ነው?» አሉን።

«ምንም፥ አባባ። ይህን መስቀል የጠለፉት እርስዎ ነዎት ቢሉን ልናመሰግንዎ ነው።»

ልብሱን ተቀበሉን። ፊቱን አላዩትም፤ ገልብጠው ጀርባውን መረመሩ። «ልጆቼ፥ ጥልፍ የሚፈተሸው በጀርባው ነው። እዚህ ላይ ክር አልቆብኝ ቀጥዬዋለሁ፤ ይኸው» ብለው አሳዩን። ስድስት ዓመት የለበስሁትን ልብስ ያን ዕለት ገና አየሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሄድን መርፌ ላይ ክር እናስገባላቸዋለን፤ ዐይናቸው ደክሟልና። የጥልፍ ንድፎቻቸውን የሣሉት በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ነው፤ ብዙው በእጥፋቱ ተቀዷል። እነዚህን በደብተር እየገለበጥን ነው፤ እስካሁን 27 ደርሰናል።

ሆኖም ግን ወዳጅነታችን ያለ እንከን አልሄደም። አንድ ቀን ንድፎቹን ፎቶግራፍ አንሥተን ሳንጠይቃቸው በቴሌግራም ለቀቅናቸው። በበጎ አሳብ ነበር። አባባ ግን በሰሙ ጊዜ «እኔን ልትጠይቁ መጣችሁ ወይስ ዕቃዬን?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ፎቶውን አጥፍተን ይቅርታ ጠየቅን፤ ቢሆንም ንድፎቹን እንደገና ያወጡልን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ ሥራ ሁሉ ሠሪ እንዳለው እናስብ። የምንወደውን ዜማ፥ ሥዕል ወይም ጥልፍ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ምስጋና ነው።

ሁለተኛ፥ የባለሙያ ወዳጅ ለመሆን ከእርሱ የምናገኘውን ሳይሆን የምናግዘውን ይዘን እንሂድ። ማያ ወረቀት ገለበጠች፤ እኛ ክር እናስገባለን። ሥራው የእርሱ መሆኑንም አንዘንጋ፤ ወዳጅነት የባለቤትነት ፈቃድ አይደለምና።

ሦስተኛ፥ አናዘግይ። ደብዳቤው በተቀዳደደ ወረቀት ላይ ቢጻፍም ይነበባል፤ ካልተላከ ግን አይነበብም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤተ ክርስቲያናችን ወይም በሰፈራችን ዘወትር የምታዩት፥ ሠሪውን ግን የማታውቁት ሥራ የትኛው ነው? እስከ መጪው ሳምንት ጠይቃችሁ ስሙን ይዛችሁ ኑ።

2. «እኔን ልትጠይቁ መጣችሁ ወይስ ዕቃዬን?» ለሚለው የአባባ ጥያቄ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

3. የአባባ ንድፎች ገና አላለቁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ያለውና እጁ ለሥዕል የሚታዘዝለት ሁለት ሰው ያስፈልገናል። ማን ይመጣል?